«ማን ነዎት?» ሲባል የሚሰጥ መልስ

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ለተማሪዎቹ ስም ታደለ።

እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚጠራው በየራሱ ስም ነበር። መምህር ሶፎንያስ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩት ሰላምታና ራስን ማስተዋወቅ ብቻ ነው። እጅ ከሆድ በላይ ይደራረባል፣ ወገብ ጎንበስ ይላል፣ ዓይን መሬት ያያል፣ ከዚያ «አንየንግ ሃሴዮ» ይባላል። ኮሪያዎች ሰላም ሲሉ ነው። ቀጥሎ «ጆነን» ተብሎ ስም ይጠራና «ኢምኒዳ» ተብሎ ይዘጋል፤ እኔ እገሌ ነኝ ለማለት። ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ድሮ ሸሚዝ ይሰፋበት በነበረ ሼድ ውስጥ፣ ሴቶች ተሰልፈው ለባዶ ግድግዳ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ። ግድግዳው ላይ ሰላምታን የሚያዳምጥ መሣሪያ አለ። ሁሉም «ጆሮው» ነው የሚሉት። ሰላምታው ከጣመው አረንጓዴ ያበራል፤ ካልጣመው ቢጫ። ቀይም አለው ይባላል፤ በክፍል ውስጥ ግን ቀይ ያየ ሰው አልነበረም።

ኤልዳና ያሬድ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ሠርታ ነበር፣ መስኮቶቹ በየከተማው አንድ በአንድ እስኪዘጉ ድረስ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚፈልግ ሥራ ፍለጋ ብዙ ዞረች። ሰው የሚፈልግ ሥራ የተገኘው እዚህ ነው። በኮሪያ አዛውንቱ ከወጣቱ በልጧል፤ የሚያጥባቸውን፣ የሚያበላቸውን፣ የሚያነሳ የሚያስቀምጣቸውን ብረት ሠርተውላቸዋል። አዛውንቶቹ ግን የመሣሪያን ሰላምታ ያውቁታል። ቃሉ ልክ ነው፣ ዜማውም ልክ ነው፤ ሆኖም መድኃኒታቸውን አይውጡም፣ አፋቸውንም ለማንኪያ አይከፍቱም። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ብረቱን እያንቀሳቀሰ ሰላም የሚል ሰው ተፈለገ።

«ኤልዳና ያሬድ» አሉ መምህሩ።

«አቤት።»

መምህር ሶፎንያስ ወደ ሰሌዳው ዞረው «ሶዩን» ብለው ጻፉ። በጎልማሳነታቸው ኮሪያ ሄደው ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ሰው በአካሉ ይሄድ ነበር። ከጻፉ በኋላም ቶሎ ወደ ተማሪዎቹ አልዞሩም።

«ከዛሬ ጀምሮ ‹ጆነን ኤልዳና ኢምኒዳ› አትዪም። አንቺ ሶዩን ነሽ። የምትንከባከቢያቸው እናት ስማቸው ጂዬ ይባላል፤ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ነገር ይጠፋባቸዋል። ስትገቢ ‹ኦማ፣ ና ዋሶ፤ ሶዩኒያ› ትያለሽ። እማዬ፣ መጣሁ፤ ሶዩን ነኝ ማለት ነው። ጎንበስ አትዪም። ሱቅ ደርሳ እንደተመለሰች ልጅ ነው የምትገቢው።»

ከኤልዳና አጠገብ የቆመችው ኢፍቱ እጇን አወጣች። ኢፍቱ የወንጂ ልጅ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፤ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የላትም።

«ቆይ መምህር፣ ሴትየዋ ልጅ የላቸውም እንዴ?»

«ነበረቻቸው።»

«የት ሄደች?»

«እሱ የቋንቋ ትምህርት አይደለም» አሉ መምህር ሶፎንያስ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ከረር ብሎ። ከዚያ ለስለስ አድርገው ጨመሩ፦ «አንዳንድ ቀን ‹ኑጉሴዮ?› ይሏችኋል። ማን ነዎት ማለት ነው፤ ለማያውቁት ሰው የሚባል። ስንቴ ቢጠይቋችሁ መልሱ አንድ ነው። የተሰጣችሁን ስም ትናገራላችሁ። የራሱን ስም የተናገረ ሠራተኛ ቀይ ይበራበታል። ቀይ የበራበት ደግሞ በዚህ አገር ባሉ ሼዶች ሁሉ አይቀጠርም።»

ኤልዳና ወደ ግድግዳው ቀረበች። እናቷ ሄርሜላ ያረፈችው አምና ነው። ከቀብር ወዲህ «እማዬ» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ የምትጠራው ሰው አልነበረማ።

«ኦማ» አለች። እንደገና ጀመረች። «ኦማ፣ ና ዋሶ። ሶዩኒያ።»

አረንጓዴው ወዲያው በራ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ኤልዳና ወደ ደጅ ወጥታ ቧንቧው ስር ፊቷን ታጠበች።

* * *

ሥራው ከተጀመረ አምስተኛ ወሩ ገባ። ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ እዚያ ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ኤልዳና «ክቧ» በሚሏት ጠባብ ክብ ክፍል ውስጥ ትቆማለች። ጓንቱን ታጠልቃለች፣ መነጽሩን ታደርጋለች፣ አንገትጌውን ጉሮሮዋ ላይ ታስራለች። አንገትጌው ድምፅ ይለውጣል፤ በአዳማ «ኦማ» የምትለው ኤልዳና ስትሆን፣ ቹንቾን በሚባል ከተማ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ የምትሰማው ሶዩን ናት። እዚያ ሆኖ እንቅስቃሴዋን ሁሉ የሚከተለውን ብረት ሠራተኞቹ «አካሉ» ይሉታል። የእማማ ጂዬ ንግግር ተተርጉሞ በጆሮዋ ይገባል፤ የምትመልሰውን ግን ራሷ በኮሪያኛ መናገር አለባት።

ሩዝ ታጥባለች። ጥፍር ትቆርጣለች። የአሮጊቷን ስስ ነጭ ጸጉር ስታበጥር የራስ ቅላቸው ሙቀት በጓንቱ በኩል ጣቷ ድረስ ይመጣል። እሳቸው ሲያሸልቡ መነጽሩን ገፋ አድርጋ በሳህን ያመጣችውን ሽሮ ትበላለች። አካሉም አልጋው አጠገብ ቆሞ እጁን ወደ ባዶ አፉ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንድ ቀን እማማ ጂዬ በዚህ መሀል ነቅተው አይተውት ኖሮ «ልጄ፣ ምን እየበላሽ ነው? ለኔም አቅምሺኝ» አሏት። ያን ዕለት ለኢፍቱ ስትነግራት ሁለቱም በአውቶቡሱ ውስጥ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ያልነገረቻት ሌላ ነገር አለ። እሑድ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ የሆነ ነገር የጠፋባት እየመሰላት ቤት ውስጥ ትንቆራጠጥ ጀምራለች። የጠፋባት «ኦማ» ማለቱ ነው። ሰኞ ጠዋት አንገትጌውን ስታስር እጇ ይፈጥናል። እዚያ «ሶዩን፣ መጣሽ?» ስትባል «አዎ» የምትለው ለመብራቱ ብላ አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን በደንብ አልነገረችውም።

ስለ እውነተኛዋ ሶዩን የምታውቀው ጥቂት ነው። ግድግዳው ላይ ፎቶዎቿ ተደርድረዋል፦ ሕፃን፣ ተማሪ፣ ኮረዳ። ከዚያ በኋላ ፎቶ የለም። ውሉን የተዋዋለው ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው ነው፤ በስልክም ቢሆን ብዙ አይመጣም።

* * *

በረዶ በጣለበት ቀን ኤልዳና አካሉ ውስጥ ስትገባ እማማ ጂዬ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። የሳሎኑ መስተዋት በር ክፍት ነው፤ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ከበሩ ማዶ ሰገነቱ አለ። እማማ ጂዬ በሌሊት ልብሳቸው፣ ባዶ እግራቸውን በረዶው ላይ ቆመዋል፤ ጀርባቸው ለብረት አጥሩ ቀርቧል።

«ኦማ፣ ና ዋሶ። ሶዩኒያ።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። ኤልዳና በአምስት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ዓይን አላየችባቸውም።

«ኑጉሴዮ?» አሉ።

«ሶዩን ነኝ፣ ኦማ።»

«ሶዩን ሞታለች። እኔው ነኝ የቀበርኳት። ማን ነዎት?»

በመነጽሩ ላይ ቀጥሎ የሚባለው ጽሑፍ መጣላት። ሁልጊዜም ሲቸግር ይመጣል። ኤልዳና አነበበችው፦ «ኦማ፣ አትፍሪ። እኔ ነኝ፤ ልጅሽ ነኝ። ግቢ።» እያለች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች።

እማማ ጂዬ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጭነው ጮኹ። ወደ ኋላ ሸሽተው ከአጥሩ ጋር ተጋጩ፤ ከዚያ አጥሩን ተደግፎ በተቀመጠው የአበባ መደብ ላይ አንድ እግራቸውን አወጡ። ሁለተኛውን ካወጡ አጥሩ ከወገባቸው በታች ይሆናል።

«በልጄ ድምፅ አትናገሩ! ሌባ! በልጄ ድምፅ አትናገሩ!»

ኤልዳና ባለችበት ደረቀች። በክቧ ውስጥ፣ በአዳማ ሙቀት፣ ላብ በጀርባዋ ይወርዳል። በጆሮዋ የተቆጣጣሪዋ የወይዘሮ ብሩክታዊት ድምፅ ገባ።

«ጽሑፉን ቀጥዪ። አዳኞች ተጠርተዋል።»

«መቼ ነው የሚደርሱት?»

«መንገዱ በረዶ ነው። አንቺ ጽሑፉን ቀጥዪ።»

«ባነበብኩት ቁጥር ወደ ኋላ እየሄዱ ነው፣ ወይዘሮ ብሩክታዊት! አያዩም?»

«አያለሁ። ቀጥዪ አልኩሽ እኮ።»

አዲስ ጽሑፍ መጣ። «ኦማ፣ ትዝ ይልሻል? ልጅ ሆኜ...» ይላል። ኤልዳና አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እማማ ጂዬ ሁለተኛውን እግራቸውን ለማንሳት እየታገሉ ነው። በረዶው ጸጉራቸው ላይ ይወርዳል።

ኤልዳና እጇን ወደ ጉሮሮዋ ሰደደች። ጓንቱ ወፍራም ስለሆነ ማሰሪያውን ቶሎ አላገኘውም፤ ሲጠፋት ይዛ ጎተተችው። አንገትጌው ተበጥሶ መሬት ወደቀ።

አካሉን ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፣ ከበሩ ወዲህ፣ ሳሎኑ መሀል አስገባችው። እጇን ከሆዷ በላይ አደራረበች። ወገቧን አጎነበሰች፤ አካሉም አብሯት አጎነበሰ።

«አንየንግ ሃሴዮ» አለች። በክቧ ግድግዳ ላይ ካለው ጆሮ ቢጫ በራ። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ኮሪያኛው የሐበሻ ነው። «ጆነን ኤልዳና ኢምኒዳ።»

ክቧ በሙሉ ቀላች።

እማማ ጂዬ ጆሯቸው ላይ የነበረውን እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ኤል... ምን?»

«ኤልዳና።»

«የአገራችን ስም አይደለም።»

«አይደለም። ኢትዮጵያዊት ነኝ። ያለሁት አዳማ የሚባል ከተማ ነው። ይህ የሚያዩት ብረት እጄ ነው፤ እኔ ሩቅ ነኝ።» የምታውቀው ኮሪያኛ እያለቀባት ነው፤ ቃል እየለቀመች ነው የምትናገረው።

ከኋላዋ የክቧ መዝጊያ ሲከፈት ሰማች። ወይዘሮ ብሩክታዊት ራሳቸው መጥተዋል። መስመሩ የሚዘጋው ከክቧ ጎን ባለው እጀታ ነው። መስመሩ ከተዘጋ ደግሞ አካሉ እንዳጎነበሰ ይደርቃል፤ እማማ ጂዬ ከአጥሩ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ኤልዳና ዞር ማለት አልቻለችም፤ እሷ ከዞረች አካሉም ይዞራል።

«ቀይ በርቷል፤ መዝጋት አለብኝ» የሚል ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሲሮጥ መጣ። አዲስ ተማሪዎችን ሼዱን ሊያስጎበኙ የገቡት መምህር ሶፎንያስ ነበሩ።

«ይጠብቁ።»

«መምህር፣ እጅዎን ከዚህ ያንሱ።»

«ሰላምታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ በኔ ይጻፍ። ትጨርስ።»

እማማ ጂዬ ከማዶ ይጠይቃሉ። በራሳቸው ቋንቋ፣ ሰው እንግዳን በሚጠይቅበት ተራ ነው የሚጠይቁት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አንቺ ብለዋታል።

«ሠላሳ አራት።»

«ለምን በልጄ ድምፅ ተናገርሽ?»

«አዘዙኝ። እኔም እሺ አልኩ።»

አሮጊቷ ብረቱን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አንድ እግራቸው አሁንም የአበባው መደብ ላይ ነው።

«እናት አለችሽ?»

«ሞታለች። አምና። ሄርሜላ ነበር ስሟ።»

«ስትሞት አጠገቧ ነበርሽ?»

ኤልዳና ከቀብር ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ዘመድ አዝማድ ሁሉ አጠገቧ እንደነበረች አድርጎ ነው ያጽናናት፤ እሷም አላረመችም።

«አልነበርኩም» አለች።

እማማ ጂዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም አልነበርኩም» አሉ። ከዚያ እግራቸውን ከመደቡ ላይ አወረዱ። አጥሩን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ይበርዳል፣ እማማ። ይግቡ። ልደግፍዎት ወይስ ልራቅልዎት?»

«ራቂ። ራሴ እገባለሁ።»

አካሉን እስከ ግድግዳው ድረስ አራቀችው። እማማ ጂዬ በሩን ይዘው፣ ወንበሩን ይዘው፣ ጠረጴዛውን ይዘው ገቡ። ውርጩ እግራቸውን እንጨት አድርጎታል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበታቸው ከሳቡ በኋላ ነው ኤልዳና መተንፈሷን ያወቀችው። ሄዳ የመስተዋቱን በር ዘጋች።

«ነገ ትመጫለሽ?» አሉ እማማ ጂዬ።

«እመጣለሁ።»

መነጽሩ ጨለመ። ወይዘሮ ብሩክታዊት እጀታውን ይዘው ቆመዋል። መምህር ሶፎንያስ መሬት የወደቀውን አንገትጌ አንስተው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ የት እንደሚያስቀምጡት ያወቁ አይመስሉም።

* * *

ቀይ የበራበት ሰው ሼድ አይገባም፤ የትም። ኤልዳና በሐዋሳ ሞከረች፣ በኮምቦልቻ ሞከረች። በየበሩ ያለው ጆሮ ስሟን ገና ስትጠራ ቀይ ይሆናል። ጥበቃዎቹ ትሑት ናቸው፤ «እህቴ፣ በሌላ ጊዜ» ይሏታል።

በሦስተኛው ሳምንት ኢፍቱ ቤቷ መጣች። ኢፍቱ የምትንከባከባቸው አዛውንት አርፈውባት ያለ ስም ቆይታ ነበር። ሥራ ጠባቂን በሼዱ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚሉት፦ ያለ ስም። ገብታ ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም።

«ስም ተሰጠኝ» አለች።

«እንኳን ደስ አለሽ። የማን?»

ኢፍቱ መሬት መሬቱን አየች።

«የማን ነው፣ ኢፍቱ?»

«ያንቺ።»

ኤልዳና ሳቀች፤ ከዚያ የኢፍቱን ፊት አይታ አቆመች።

«ሴትየዋ በማግሥቱ ኤልዳና የት አለች ብለው ጠየቁ። ሌላ ሰው ሲገባባቸው አፌን አልከፍትም አሉ። ልጃቸው ለድርጅቱ ደወለ፤ ኤልዳናን መልሱላት አለ። ቀይ የበራበት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ...» ጉሮሮዋን በእጇ ነካች። «ያንቺን ድምፅ የሚያወጣ አንገትጌ ሠርተዋል። ያን ዕለት ያወራሽውን ሁሉ አስጠንተውኛል፤ ዕድሜሽን፣ አዳማን፣ የእናትሽን ስም። አጠገቧ አለመኖርሽንም።»

«መምህርስ ምን አሉ?»

«ሰሌዳው ላይ ስምሽን ጻፉና ዞር አሉ። ብዙ ቆዩ ዞረው።»

ኤልዳና ተነስታ ውኃ ቀዳች፤ ሁለት ብርጭቆ። ስታስቀምጠው አንዱ ፈሰሰ። ኢፍቱ በነጠላዋ ጫፍ ጠረጴዛውን ጠረገች።

«ሦስት ቀን ገባሁ» አለች ኢፍቱ። «ሁለቱን ቀን ደህና ነበር። ትናንት ግን ‹እናትሽ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?› አሉኝ። ጽሑፉ ላይ ምንም የለም። ጆሮው ራሱ ምንም አላበራም። እኔም ዝም አልኩ። ወደ ግድግዳው ዞሩና እስክወጣ ድረስ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሱም። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጠርተውኝ ‹ሂጂና ጠይቂያት፤ ስለ እናቷ ሁሉንም ይዘሽ ነይ› አሉኝ። ከነገርሽኝ ቀዩን ያነሱልሻል። ቃል ገብተዋል። ሌላ ሼድ መቀጠር ትችያለሽ።»

ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ አለፈ። ኤልዳና እናቷን ማሰብ ጀምራ ነበር፤ ከየት እንደምትጀምር፣ የትኛውን እንደምትነግር። ሄርሜላ ስትናደድ ዝም የምትለውን። መስተዋት ፊት ብቻዋን ስትሆን የምታደርገውን። ይህ ሁሉ ነገ ጽሑፍ ሆኖ በመነጽር ላይ ሲመጣ ታያት፤ ኢፍቱ ስትሄድ ደግሞ ለሌላዋ፣ ከሌላዋም ለሌላዋ። እናቷን የማታውቅ ሴት ስለ እናቷ ስታወራ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ሲያበራ።

«ስሜን ወሰዱ» አለች። «ድምፄንም ወሰዱ። እናቴን አልሰጣቸውም።»

«ኤልዱ...»

«አልሰጣቸውም።»

«እኔስ? እኔ ሁለት ልጅ አለኝ። ነገ ምን ልበላቸው? ሴትየዋስ? እየበሉ አይደለም እኮ።»

ይህኛው ከባድ ነበር። እመጣለሁ ያለችው እሷ ናት። ኤልዳና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሲቆይ ከእጇ ስር ድምፅዋ መጣ።

«ያንቺ እናት ምን ዓይነት ሴት ናት?»

«ምን?»

«ንገሪኝ። እኔ ነኝ የጠየቅኩሽ።»

«ቦንቱን? ወንጂ መጥተሽ አይተሻት የለ!»

«ንገሪኝ።»

ኢፍቱ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ጯሂ ናት። ሸንኮራ እርሻው ላይ ትራክተር ስትነዳ ከሞተሩ በላይ ትሰማለች። ሰው ካኮረፋት ዕንቁላል ቀቅላ ትልክለታለች። ይቅርታ አትልም፤ ዕንቁላል ነው። አባቴ አንዴ ወር ሙሉ አኩርፎ ነበር...» ሳቋ መጣ። «ወር ሙሉ ዕንቁላል በላን።»

«እንዲህ አድርገሽ ንገሪያቸው።»

ኢፍቱ ሳቋ ቆመ። «ቀይ ይበራል።»

«ይበራል።»

«ቀላል ነው ላንቺ። አንቺ አንዴ በርቶብሻል።»

እውነት ነው። ኤልዳና አድርጊው ልትላት አልቻለችም፤ አታድርጊውም አላለቻትም። ኢፍቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ሲሰነባበቱም አልተሳሳሙም።

* * *

በማግሥቱ ኤልዳና ቤት መቀመጥ አቃታት። ወደ ሼዱ በር ሄዳ ከመንገዱ ማዶ፣ ካርድ ከሚሸጥበት ጃንጥላ ስር ቆመች። አራት ሰዓት ሆነ። ከተማሪዎች አውቶቡስ ላይ አዲሶቹ እየወረዱ በሰልፍ ገቡ፤ አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ እያሉ ሰላምታውን ይለማመዳሉ። ፀሐይዋ ከረረች። የምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ትንሿ በር ተከፈተች።

ኢፍቱ ናት። የፈረቃዋ መውጫ ገና ነው። ጓንት የሚለበስበት እጇ ላይ እስካሁን ቀይ ሰምበር አለ፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። አትሮጥም፣ አትፈጥንም። መንገዱን ሳታይ ስትሻገር አንድ ባጃጅ ተሳድቦ አለፋት።

ኤልዳና አጠገቧ ደርሳ ቆመች። ጠየቁሽ ወይ አላለቻትም።

«ጠየቁኝ» አለች ኢፍቱ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ነገርኳቸው። ትራክተሩን፣ ጩኸቷን። ዕንቁላሉ ላይ ስደርስ ቀዩ በራ። እኔ ቀጠልኩ። ‹የናትሽ ስም ሄርሜላ አልነበረም ወይ?› አሉኝ፤ ‹የኤልዳና እናት ናቸው ሄርሜላ፤ እኔ ኢፍቱ ነኝ፤ እናቴ ቦንቱ ትባላለች› አልኳቸው። መጀመሪያ ‹ፖንቱ› አሉ። አረምኳቸው። ሁለተኛም ‹ፖንቱ›። ሦስተኛው ላይ ልክ ጠሯት።»

«ከዚያ ተዘጋ?»

«ወዲያው አልተዘጋም። መምህር ሶፎንያስ እጀታውን ይዘው አላስዘጉም። ዛሬ ከክፍላቸው ወጥተው እዚያ ነው የቆሙት።»

«ከዚያስ?»

ኢፍቱ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ዓይኗ ሞልቷል፤ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ይሞክራል።

«ከዚያ ዕንቁላል አለ ወይ አሉኝ። ቀቀልኩላቸው። ቁጭ ብለው ሁለት በሉ።»